ኔትወርክ በሌለበት ባህር ላይ መርከቦች ይፋዊ መልእክት የሚደርሳቸው እንዴት ነው?

የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. "ሩቢማር" የተባለች የጭነት መርከብ ባብ ኤል መንደብ አካባቢ በየመን ሁቲዎች ሚሳኤል ተመታች። የጫነችው 21 ሺህ ቶን ገደማ ማዳበሪያ ነበር። ሠራተኞቿ ጥለዋት ወጡ። መልህቋን እንደጣለች ለቀናት ስትንሳፈፍ ቆይታ፣ እኛ የዓድዋን በዓል ባከበርንበት ዕለት፣ የካቲት 23፣ ሰጠመች። የአሜሪካ ባለሥልጣናት እንዳሉት ደግሞ፣ ስትንሳፈፍ የጎተተችው መልህቅ በባህሩ ወለል ላይ የተዘረጉ የኢንተርኔት ኬብሎችን ሳይቆርጥ አልቀረም።

ማዳበሪያ እና ኢንተርኔት። ሁለቱም የእኛ ጉዳይ ናቸው።

የሩቢማር ጭነት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ አልነበረም። ግን የዳባትና የወቅን ገበሬ ለስንዴውና ለገብሱ የሚጠብቀው ዩሪያ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከዚያ በመኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው። እናንተም ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ኢንተርኔት ከዓለም ጋር የሚገናኘው በባህር ስር በተዘረጋ ኬብል ነው። ደባርቅ ከቀይ ባህር በአየር መስመር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ኑሮዋ ግን ከባህሩ አይርቅም።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ያቺ መርከብ ባዶዋን ስትንሳፈፍ በዚያው ባህር ላይ ሌሎች መርከቦች ቀንም ሌሊትም ያልፉ ነበር። ሞባይል ኔትወርክ በሌለበት "እዚህ ቦታ የተጣለ መርከብ አለ፣ ተጠንቀቁ" ብሎ የሚነግራቸው ማነው? በምን? ደግሞስ ወሬው እውነት መሆኑን በምን ያውቃሉ?

ዛሬ ይህንን እናያለን።

■ በመጀመሪያ፦ ሞገዱ የት ድረስ ይሄዳል?

የሰሜን ተራሮች ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጥጉ ላይ ስትቆሙ አራት መስመር የነበረው ኔትወርክ፣ ሊማሊሞን ስትወርዱ ወይም ገደሉ ስር ስትገቡ ድርግም ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የስልክ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ አይዞርም።

ባህር ላይ ተራራ የለም፤ ግን ምድር ራሷ ክብ ናት። መርከቦች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቪ.ኤች.ኤፍ. የሚባለው ሬዲዮም እንደ ስልካችን ቀጥታ ሂያጅ ነው። አንቴናው ከውሃው 25 ሜትር ከፍ ያለ መርከብ የሬዲዮ አድማሱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ መርከቦች ሲሆኑ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ይሰማማሉ። ከዚያ በላይ የምድር ክብነት ይከልላቸዋል። ለማነጻጸር ያህል፣ ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ያንኑ አንቴና ብትተክሉት፣ የሚከልለው ነገር ባይኖር 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ከባህር ዳርቻ ርቆ ለሚጓዝ መርከብ ሁለት መንገድ ነው ያለው። አንደኛው ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ መጠቀም ነው፤ እንዲህ ያለው ሞገድ የምድሩን ገጽ ተከትሎ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ሁለተኛው አንቴናውን ከየትኛውም ተራራ በላይ፣ ሳተላይት ላይ መስቀል ነው። ይፋዊ መልእክት በሁለቱም ይላካል።

■ ነጋሪት ነው እንጂ ስልክ አይደለም

ድሮ አዋጅ ሲታወጅ ገበያ መሃል ነጋሪት ይጎሰማል። አዋጅ ነጋሪው "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ይላል። ማን ሰማ ማን አልሰማ ብሎ አንድ በአንድ አይቆጥርም። የመንግሥታችን የሕግ ጋዜጣ "ነጋሪት ጋዜጣ" የተባለው በዚሁ ነው።

ለመርከቦች የሚተላለፈው ይፋዊ መልእክትም አሠራሩ ይኸው ነው። መልእክቱ ለአንድ መርከብ ተደውሎ አይነገርም። በአካባቢው ላለ መርከብ ሁሉ፣ የየትኛውም አገር ባንዲራ ይያዝ፣ በአንድ ጊዜ ይተላለፋል። መርከቡ "ደርሶኛል" ብሎ መመለስ አይጠበቅበትም። ክፍያም የለውም፤ ዋጋውን የሚሸፍኑት መልእክቱን የሚያወጡት አገሮች ናቸው።

መልስ አለመጠበቁ የራሱ ጥቅም አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሬዲዮ የከፈተ የንግድ መርከብ ያለበትን ቦታ ለጠላት ሰርጓጅ መርከብ አሳወቀ ማለት ነበር። ስለዚህ መርከቦቹ አፋቸውን ዘግተው፣ በተቆረጠ ሰዓት ጆሯቸውን ብቻ ይከፍቱ ነበር። ትእዛዙ በኮድ ይመጣል፤ ይመዘግቡታል፤ ይፈጽሙታል። ማን እንደሰማ ማንም ከውጭ አያውቅም። ዛሬም አደገኛ ባህር ላይ የሚያልፍ መርከብ ድምፁን አጥፍቶ መስማት ይችላል።

■ ደንቡ የተጻፈው በሞት ነው

ሚያዝያ 1912 እ.ኤ.አ. "ታይታኒክ" ከመስጠሟ በፊት ስለ በረዶው ማስጠንቀቂያ አልደረሳትም ነበር እንዴ? ደርሷታል። ከአንዴም ብዙ ጊዜ። ችግሩ ሌላ ነበር። የሬዲዮ ሠራተኞቹ የማርኮኒ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ሲሆኑ፣ ዋና ሥራቸው የተሳፋሪዎችን የግል ቴሌግራም መላክ ነበር። ያን ምሽት በዚያ ተጠምደው ሳለ አንድ ወሳኝ የበረዶ ማስጠንቀቂያ መርከቡ የሚነዳበት ክፍል ሳይደርስ ቀረ። ብዙም ሳትርቅ የቆመችው "ካሊፎርኒያን" የተባለችው መርከብ ደግሞ ብቸኛው ሬዲዮ ሠራተኛዋ ተኝቶ ነበር፤ የድረሱልን ጥሪውን አልሰማም። 1,500 ገደማ ሰው አለቀ።

ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1914፣ አገሮች ተሰብስበው የባህር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነትን ተፈራረሙ። ዛሬም እየተሻሻለ የሚሠራበት ነው። ፍሬ ነገሩ ሁለት ነው፦ የደኅንነት መልእክት ከማንኛውም የግል ወሬ ይቀድማል፤ የሚሰማ ጆሮ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት።

በሞርስ ዘመን ይህ እንዴት እንደተተገበረ ብትሰሙ ይገርማችኋል። በየሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ሦስት ደቂቃ፣ በዓለም ላይ ያለ መርከብ ሁሉ በጥሪው ፍሪኩዌንሲ ላይ ዝም ይላል። ለምን? ደካማ የድረሱልን ድምፅ ካለ እንዲሰማ። በሬዲዮ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት እነዚያ ደቂቃዎች በቀይ ቀለም የተቀቡ ነበሩ።

ከየካቲት 1 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሞርስ ቀርቶ ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ ዓለም አቀፍ የባህር ላይ አደጋና ደኅንነት ሥርዓት ተዛወረ። የሬዲዮ ሠራተኛ የሚባለው ሙያም አብሮ ጠፋ ማለት ይቻላል። አሁን ሬዲዮውን የሚይዙት የመርከቡ መኮንኖች ራሳቸው ናቸው፤ ለዚህም የተለየ የብቃት ምስክር ወረቀት መያዝ ግዴታቸው ነው።

■ ባህሩ 21 ቦታ ተከፍሏል

"ይፋዊ" ማለት ማን የተናገረው ማለት ነው? ማንም ተነስቶ ባህር ላይ ማስጠንቀቂያ ማውጣት አይችልም። የዓለም ባህር በ21 ክልሎች ተከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ አስተባባሪ አገር ተመድቧል።

የእኛ ዕቃ የሚያልፍባቸው ቀይ ባህር እና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ያሉት በክልል 9 ውስጥ ነው። አስተባባሪዋ ፓኪስታን ናት። ስለዚህ ጅቡቲ ደጃፍ ላይ ስለተገኘ አደጋ ለመርከቦች ሁሉ የሚወጣው የክልሉ ማስጠንቀቂያ ቁጥር ተሰጥቶት የሚሄደው ከካራቺ ነው። የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያውንም ለዚሁ ክልል የምታወጣው ፓኪስታን ናት።

መረጃው የሚሰበሰበው ግን ከየአቅጣጫው ነው። አንድ ካፒቴን የሚንሳፈፍ ኮንቴይነር ያያል፣ ያሳውቃል። አንድ የወደብ መሥሪያ ቤት የጠፋ የመብራት ማማ ይመዘግባል፣ ያሳውቃል። የባህር ኃይሎች ጥቃት ሲኖር ያሳውቃሉ። አስተባባሪው አጣርቶ፣ አሳጥሮ፣ ቁጥር ሰጥቶ ያወጣዋል።

■ ናቭቴክስ፦ የባህር ቴሌግራም

ከባህር ዳርቻ ብዙም ላልራቀ መርከብ ዋናው መንገድ "ናቭቴክስ" ይባላል። በ518 ኪሎ ኸርዝ ላይ በእንግሊዝኛ የሚተላለፍ ጽሑፍ ነው። እንደ ጣቢያው ጉልበት ከ250 እስከ 400 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም ከ460 እስከ 740 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ጣቢያዎቹ ሁሉ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚጠቀሙት። ታዲያ ለምን አይደበላለቁም? ተራ ስላላቸው። እያንዳንዱ ጣቢያ በየ4 ሰዓቱ 10 ደቂቃ ተሰጥቶታል። ተራው ሲደርስ ይናገራል፣ ሲያልቅ ዝም ይላል፣ ቀጣዩ ይረከባል። ዕድር ስብሰባ ላይ እንኳ እንዲህ አይከበርም!

ፍጥነቱ በሴኮንድ 100 ቢት ነው። በስልካችሁ ያነሳችሁትን 2 ሜጋባይት ፎቶ በዚህ ፍጥነት ብትልኩት ያለ እረፍት ከ44 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለምን አልፈጠነም? ፍጥነት አይደለማ የተፈለገው። በማዕበልና በመብረቅ መሃል ሳይበላሽ መድረሱ ነው የተፈለገው። እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ይላካል፤ አንዱ በጩኸት ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

እያንዳንዱ መልእክት ራስጌው ላይ አራት ምልክት አለው። የመጀመሪያው ፊደል የላከውን ጣቢያ፣ ሁለተኛው የመልእክቱን ዓይነት ይነግራል። "ኤ" የጉዞ ማስጠንቀቂያ፣ "ቢ" የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ፣ "ዲ" የፍለጋና ነፍስ አድን እንዲሁም የባህር ላይ ዘረፋ ነው። የቀሩት ሁለት አኃዞች ተራ ቁጥር ናቸው።

እዚህ ላይ ስልካችን ላይ የሌለ ነገር አለ። መኮንኑ የማይፈልገውን የመልእክት ዓይነት መዝጋት ይችላል። ከላይ የጠቀስናቸውን ሦስቱን ግን ማንም መዝጋት አይችልም፤ ማሽኑ አይፈቅድም። ተራ ቁጥሩ 00 ሆኖ የመጣ መልእክት ደግሞ ምንም ቢሆን ይወጣል። "ሚዩት" የሚባል ነገር የለም።

■ ሳተላይት፦ መሃል ባህር ላይ

ናቭቴክስ ከማይደርስበት በላይ ያለው በሳተላይት ይሸፈናል። "ኢንማርሳት" የሚባሉት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ከታች ሲታዩ የቆሙ ይመስላሉ። ሁለቱን ዋልታዎች አያዩም። ያንን ክፍተት ጭምር የሚሞላው "ኢሪዲየም" ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ እውቅና አግኝቶ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሥርዓቱ ውስጥ ገብቷል።

ብልሃቱ አድራሻው ላይ ነው። መልእክቱ የሚላከው ለመርከብ ስም ሳይሆን ለቦታ ነው። ላኪው ካርታ ላይ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ያሰምራል። የመርከቡ መቀበያ የት እንዳለ ራሱ ስለሚያውቅ "እኔ እዚህ ክብ ውስጥ ነኝ ወይ?" ብሎ ያጣራል። ከሆነ ያትመዋል፤ ካልሆነ ያልፈዋል። የአደጋ ወይም የአስቸኳይ መልእክት ከሆነ ደግሞ ደወሉ ይጮኻል። ሰው ተነስቶ በእጁ እስኪያጠፋው ዝም አይልም። የካሊፎርኒያን እንቅልፍ እንዳይደገም ነው።

■ መልእክቱ ምን ይመስላል?

ረጅም አይደለም። ሰላምታ የለውም። ትንታኔ የለውም። ለማሳያ እኛ ያዘጋጀነው ይህ ነው፦

"ክልል 9፣ ቁጥር 15። ቀይ ባህር፣ ደቡባዊ ክፍል። ሰው አልባ መርከብ እየተንሳፈፈ ነው፤ ቦታው ይህ ዲግሪ፣ ይህ ደቂቃ። መርከቦች ርቀው እንዲያልፉ። ቁጥር 12 ተሰርዟል።"

የት፣ ምን፣ ምን ይደረግ። በቃ። የደረሰው መኮንን ካርታው ላይ ቦታውን ያስቀምጣል፣ መንገዱን የሚነካ ከሆነ ለካፒቴኑ ይነግራል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ፤ "ቁጥር 12 ተሰርዟል።" አሮጌ ማስጠንቀቂያ ዝም ብሎ አይቀርም። ጊዜው ሲያልፍ በይፋ ይሰረዛል።

■ ያልደረሰው መልእክት እንዴት ይታወቃል?

መርከቡ መልስ አይሰጥም ብለናል። ታዲያ አንዱ መልእክት ቢያመልጠውስ?

መልሱ ቁጥሩ ላይ ነው። 14 ደርሶት፣ ቀጥሎ 16 ከመጣ፣ 15 የት ሄደ? መኮንኑ ወዲያው ያውቃል። ማስጠንቀቂያዎች ደግሞ ይደጋገማሉ። ከዚህ በላይ፣ አስተባባሪው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ "እስካሁን የሚሠሩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው" የሚል ዝርዝር ያወጣል። መርከቡ የያዘውን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። የጎደለ ካለ ይጠይቃል።

■ ሐሰተኛ ጥሪ ሲመጣስ?

ይህ ተረት አይደለም። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የቀይ ባህሩ ጥቃት ሲጀመር፣ መርከቦች በቪ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ "የየመን ባለሥልጣን ነን፣ አቅጣጫ ቀይር" የሚል ድምፅ ሲጠራቸው ቆይተዋል። በዚያ አካባቢ የንግድ መርከቦችን ሪፖርት የሚቀበለው የብሪታንያ የባህር ንግድ ማዕከል ይህን ደጋግሞ አስታውቋል።

መስመር 16 ላይ ማንም መናገር ይችላል፤ ድምፅ ደግሞ መታወቂያ የለውም። ካፒቴኑ ታዲያ ምን ያደርጋል? ድምፁን ከሰማው ትእዛዝ ይልቅ ቁጥር ያለውን፣ ምንጩ የታወቀውን፣ በታወቀው መስመርና ሰዓት የመጣውን መልእክት ያምናል። ከድርጅቱ ጋር ያመሳክራል። አይቸኩልም። ተሳስቶ ቢታዘዝ ወጥመድ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ተሳስቶ ችላ ቢል ደግሞ ሚሳኤል ሊመጣ ይችላል። 20 ገደማ ሠራተኛ ነፍስ በዚህ ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሏል።

■ ኢትዮጵያስ?

ባህር የለንም፤ መርከብ ግን አለን። ባህር የሌለው አገር መርከብ በራሱ ባንዲራ ማንቀሳቀስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1921 የባርሴሎና መግለጫ ላይ ታውጇል። የኢትዮጵያ የባህር ንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በ2011 ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ የዛሬው የኢትዮጵያ የባህር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሆነ። መርከቦቹ የከተሞቻችንን ስም ይዘዋል፤ "አሶሳ"፣ "ጅጅጋ"፣ "ሰመራ"፣ "ጋምቤላ"።

እያንዳንዱ መርከብ እንደ ስልክ ቁጥር ባለ ዘጠኝ አኃዝ የሬዲዮ መለያ አለው። መነሻው የአገር ኮድ ነው፤ የእኛ 624 ነው። የትም ባህር ላይ 624 ብሎ የሚጀምር መርከብ ከታየ የኢትዮጵያ ነው።

ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ ስትወጣ ምጽዋና አሰብም አብረው ሄዱ። ስለዚህ መርከቦቻችን ማስጠንቀቂያውን የሚሰሙት በሌሎች አገሮች ጣቢያ ነው። ግን ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የሌላ አይደለም። መርከቡ የት እንዳለ በቀን አራት ጊዜ በሳተላይት ለባንዲራው አገር ሪፖርት ይደረጋል። ወንበዴ ሲወጣበትም ድምፅ ሳያሰማ ለአገሩና ለድርጅቱ የሚጠቁምበት የተደበቀ ቁልፍ አለው። የጸጥታ ደረጃውን ከፍ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ ብሎ የሚያዘውም የባንዲራው አገር ነው።

ከቻይና ወደ ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስለሚገባ ባብ ኤል መንደብን ማለፍ የለበትም። ከሞሮኮ ማዳበሪያ ጭኖ በሱዌዝ በኩል የሚመጣው ግን ቀይ ባህርን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ በዚያች ጠባብ በር ነው የሚወጣው። "መንገዱ አደገኛ ነው" የሚል አንድ አጭር መልእክት መርከቡን አፍሪካን ዞሮ እንዲመጣ ካደረገው፣ ጉዞው በብዙ ቀን ይረዝማል። ክረምቱ ደግሞ አይጠብቅም። ዳባት ላይ የዘር ወቅት ካለፈ አለፈ ነው።

■ ለእኛስ ምን አለው?

ሁለት ነገር እንበል።

አንደኛ፣ ይህ ሥራ ነው። በቢሾፍቱ ባቦጋያ እና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ በኩል በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶች ለመርከብ መኮንንነት ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። ከደባርቅ ተራራ ተነስቶ ባህር ላይ መሥራት የማይታሰብ ነገር አይደለም። ፍላጎቱ ያላችሁ ማስታወቂያውን ከተቋሙ ከራሱ ተከታተሉ እንጂ ከደላላ አትስሙ።

ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ወሬ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሮጥ አይተናል። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፤ እገሌ ገባ፣ ወጣ። ማን እንዳለው አይታወቅ፣ መቼ እንደተባለ አይታወቅ፣ ተሽሮ እንደሆነም አይታወቅ።

ባህረኞች ከመቶ ዓመት በላይ በሞት እየተማሩ ለዚሁ ችግር መልስ አበጅተዋል። መልእክት ሲደርሳቸው አራት ነገር ይጠይቃሉ፦ ማን ላከው? ቁጥሩና ቀኑ ስንት ነው? ቦታው የት ነው? እስካሁን ይሠራል ወይስ ተሰርዟል? አራቱን ያላሟላ ነገር ካርታቸው ላይ አያሰፍሩም።

እኛም "ሼር" ከማለታችን በፊት አራቱን ብንጠይቅ አንከስርም።